ሐዋሳ ሐይቅን ከልጆች ጋር

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ንጋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ ቁርስ ባቱ ላይ ብሉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ከሆነ አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ።

የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል የሚያምረው ጠዋት ነው። አጥማጆቹ ዓሣ ሲበልቱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀቱን ለመሻማት እግር ሥር ይርመሰመሳሉ፤ ልጅ እጅ ላይ ዳቦ እንዳይኖር፣ ምንቃራቸው ቀልድ አያውቅም። ጀልባም በጠዋቱ ይሻላል፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተስማሙ። የአዋቂ የመንሳፈፊያ ጃኬት በልጅ አንገት ሾልኮ ይወጣል፤ በልኩ ከሌለ ይቅርባችሁ።

ውሃው ውስጥ መንቦራጨቅ ግን አይሆንም፦ ቄጠማው ሥር ካሉት ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው የቢልሃርዚያ ትል በቆዳ ይገባል። መዋኘት ለሚያምረው ገንዳ ያለው ሆቴል ምረጡ። ሲመሽ ጉማሬ ለግጦሽ ስለሚወጣ ከዳርቻው ራቁ።