የወንበር ሜሞሪ ስዊች አልሠራ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው ሥራዬ። ሜሞሪ ስዊች የምንለው ሹፌሩ የመዘገበውን የወንበር ልክ መልሰው የሚያመጡትን ባለ ቁጥር ቁልፎች ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ከደብረ ማርቆስ መጣ። አዲስ ስዊች በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል። «ወንበሩ መርሳት ጀመረ፤ ይቺን ግጠምልኝ» አለኝ። አንድ ቁጥርን ሲጫኑት ወንበሩ ትንሽ ይነቃነቅና ቀጥ ይላል። እኔም አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን ገጠምኩ። ያው ነው። ነቅነቅ፣ ቀጥ። ስዊቹን ከዱባይ ያመጣለት ዘመድ ነው። ለመመለስ ማን ዱባይ ይሄዳል?

ጥፋቱ የኔም ነው። ሳልለካ ገጠምኩ። ሰው ስዊች ይዞ ሲመጣ ደግሞ እጅ ይቸኩላል።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ማስታወሻው ስዊቹ ውስጥ ያለ ይመስለናል። ስዊቹ ምንም አያስታውስም። መልእክተኛ ነው። ስትጫኑት ትንሽ ሲግናል ወደ ሞጁሉ፣ ወንበሩን ወደሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን፣ ይልካል። ሞጁሉ አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩ ሥር ነው ያለው፤ ሞተሮቹን የሚያዘውም እሱ ነው። ወንበሩ የት እንደደረሰ ለሞጁሉ የሚነግረው ደግሞ ሞተሩ ላይ ያለ ሴንሰር ነው። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ሴንሰሩ ምት ይልካል፣ ሞጁሉ ይቆጥራል፣ ቁጥሩን ይይዛል። ሜሞሪ የምንለው ያንን ቁጥር ነው።

ይህን ካወቃችሁ ካቻቢቴ ሳትነኩ ግማሹን ትጨርሳላችሁ። ወንበሩ በተራው ማንሻና መግፊያ ይሄዳል፣ በሜሞሪ ግን አይሄድም? ሞተሩና ፊውዙ ደህና ናቸው። ለአንድ አፍታ ተንቀሳቅሶ ቆመ? ሞጁሉ ምት እየጠበቀ አልመጣለትም፤ ሴንሰሩን ወይም ገመዱን ጠርጥሩ። ብዙ መኪና ላይ እንዲህ ሲሆን ተራው ስዊችም በትንሽ በትንሹ ነው የሚያስኬደው፣ ደጋግማችሁ ትጫኑታላችሁ። ጨርሶ ዝም ካለ መብራት አልደረሰውም፣ ወይም ግራውንዱ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው መስመር) ተቋርጧል። ስዊቹን ቀድሞ መጠርጠር የሚያስኬደው አንዱ ቁጥር ሠርቶ ሌላው እምቢ ሲል ነው። አንድ ነጻ ምርመራም አለ። ብዙ መኪኖች ልክ መመዝገቢያዋን ቁልፍ፣ ከዚያ ቁጥሩን ስትጫኑ ጢት ይላሉ። ጢት ካለ መልእክቱ ደርሷል ማለት ነው። ስዊቹን ተዉት።

ይህን አንድ ጊዜ ለአንድ መሪጌታ ሳስረዳቸው ሳቁብኝ። «ስዊቹ ሰም ነው፣ ወርቁ ወንበሩ ሥር ነው በለኛ!» አሉኝ። እኔ ከዚህ በላይ አሳጥሬ ልናገረው አልችልም።

ቀጥሎ ያልተበላሸውን መጠገን ነው። ብዙ መኪኖች ማርሹ ፒ (ማቆሚያው) ላይ ካልሆነ ወይም መኪናው እየሄደ ከሆነ በሜሞሪ ወንበር አያንቀሳቅሱም። ለደኅንነት ነው፤ ሹፌሩ እየነዳ ወንበሩ ወደ ኋላ ቢሸሽስ? አንዳንዱ የመኪናው ቁልፍ ካልተከፈተ፣ አንዳንዱ በሩ ካልተዘጋ አይሠራም። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ፤ ኪሱ ውስጥ ሳይገለጥ ነው የሚያረጀው። ከፍኖተ ሰላም የመጡ ባልና ሚስት «ወንበሩ በራሱ ይሄዳል» ብለው ጸበል ሊያስረጩት ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። የእነሱ መኪና ሜሞሪውን ከቁልፉ ጋር ያያይዛል። ባል የሚስቱን ቁልፍ ይዞ በሩን ሲከፍት ወንበሩ ወደ እሷ ልክ ይመጣል። ሂሳብ አልተቀበልኩም፤ ቡና ጋበዙኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚበላው ስህተት ሥራ በሌለበት መለካት ነው። ቴስተሩን (ቮልትና ኦም የሚለካውን መሣሪያ) የተነቀለው ሶኬት ላይ ታስገባላችሁ፣ 12.4 ቮልት ያሳያል። «መብራት አለ፣ ሞተሩ ሞቷል» ትላላችሁ። ቆይ! ገመዱ ውስጥ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ ቀርታ ቢሆንም ቴስተር 12.4 ያነባል። ቴስተሩ ከገመዱ የሚጠጣው ከቁጥር አይገባም። ሞተሩ ግን ብዙ አምፔር ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ቮልቴጁ ይወድቃል። ሳይጠመድ ያማረ በሬ ታውቃላችሁ፤ ቀንበር ሲነካው ይተኛል። ገመድም እንደዚያ ነው። ስለዚህ ሶኬቱን ሳትነቅሉ ከጀርባው ገብታችሁ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ተጭኖ እያለ ለኩ። ያን ጊዜ 5 ወይም 6 ቮልት ካያችሁ ሞተሩ ምንም አላጠፋም።

ግራውንዱንም እንዲሁ። አብዛኛው ሰው የሚለካው ፖዘቲቩን ብቻ ነው። ቀዩን ሹል የሞጁሉ ግራውንድ ፒን ላይ፣ ጥቁሩን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። ሰው ስዊቹን ይጫን። ጤነኛ ግራውንድ ዜሮን የተጠጋ ቁጥር ይሰጣችኋል። ከ0.5 ቮልት ካለፈ መንገድ ላይ የሚከለክል ነገር አለ። የት? ብዙ ጊዜ ምንጣፉ ሥር፣ ወለሉ ላይ የታሰረች ቡሎን ናት። እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ የሚውል መኪና ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ውሃ በጫማ ያስገባል። ምንጣፉ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ነው። ቡሎኗ ትዝጋለች። ፈታ አድርጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ፣ አጥብቆ ማሰር ነው። ከዚህ የረከሰ ጥገና አላውቅም፤ ለዚህ ሥራ ግን ሞጁል የገዛ ሰው አውቃለሁ።

የዚህ ተቃራኒም ስህተት አለ። መሞከሪያ አምፖል ወፍራም የመብራት ገመድ ላይ ግሩም ነው፤ ሥራ ስለሚሰጠው እውነቱን ይናገራል። ቀጫጭኑ የሲግናል ገመድ ላይ ግን አታስጠጉት። ባለ ክር አምፖል የሚስበው ለሞጁሉ ብዙ ነው፤ ሊያቃጥለው ይችላል። እዚያ ቴስተር ብቻ።

ፊውዝ ላይ ብዙ አልልም። 30 አምፔር በተጻፈበት 40 አታስገቡ፣ ሽቦም አትጠቅልሉ። ፊውዙ የሚቃጠለው ምክንያት ስላለው ነው። ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ የወደቀ ሳንቲም ወይም የውሃ ጠርሙስ ክዳን ሞተሩን ሊይዘው ይችላል። መጀመሪያ በባትሪ መብራት ሥሩን እዩ።

ስዊቹን ራሱን ስትፈትሹም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን ቴስተሩን ጢት በሚለው ላይ አድርገን ሁለት ፒን እንነካለን፤ ጢት ካላለ «ሞቷል» እንላለን። አንዳንድ የሜሞሪ ስዊች ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር የተለያየ ሬዚስታንስ ነው የሚሰጠው። ጤነኛ ሆኖም ጢት ላይል ይችላል። በኦም ለኩት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቋሚ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩ የሚዋልል ከሆነ ውስጡ እርጥበት ወይም ቆሻሻ ገብቷል። አንድን ስትጫኑ የሁለት ልክ ከመጣም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንዳንድ አዲስ መኪና ላይ ደግሞ ስዊቹ በዳታ መስመር ነው የሚያወራው፤ እዚያ ኦም መለካት ትርጉም የለውም። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን መሣሪያ) አስገብታችሁ ቁልፉን ስትጫኑ ሞጁሉ ያየው እንደሆነ ተመልከቱ። የሞተር ኮድ ብቻ የሚያነበው ርካሽ ስካነር «ምንም ብልሽት የለም» ቢላችሁ አትመኑት። ወንበሩን ጠይቆትም አያውቅ።

ማር የፈሰሰበት ስዊችም አጋጥሞኛል። ጎጃም ነው ያለነው፣ ምን ይደረግ! ባለቤቱ ቤንዚን አፍስሶበት መጣ። ቤንዚን ስኳር አያሟሟም። ፕላስቲኩን ነው የሚጎዳው። ስዊቹ ከመኪናው ወጥቶ፣ ተፈትቶ፣ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ጥቂት ይታጠባል። ከዚያ በአልኮል ተጠርጎ በደንብ ይደርቃል። ዘይት ያለው ስፕሬይ አትንፉበት፤ አቧራ ይሰበስባል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ ወንበሩ ሥር ያለው ቢጫ ሶኬት። የወንበሩ ጎን ኤርባግ ወይም የቀበቶው ማጥበቂያ ነው። ውስጡ ፈንጂ አለ። በኦም መለኪያም፣ በአምፖልም አትንኩት። ወንበሩን ማውጣት ካለባችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ቆዩ። ቶዮታ በመመሪያው ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፤ እኔ ሻይ ጠጥቼ ነው የምመለሰው። ሶኬቱ ተነቅሎ የመኪናው ቁልፍ ከተከፈተ የኤርባግ መብራት ይበራል፣ በስካነር ካልጠፋም ላይጠፋ ይችላል። በቅርብ ጊዜ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ያ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው።

አንዲት የሙያ ነገር፦ ባትሪውን ከመፍታታችሁ በፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ወስዳችሁ የፊቱን ቡሎኖች አውጡ። ወደ ፊት አምጥታችሁ የኋላውን ፍቱ። ባትሪ ከተፈታ በኋላ ወንበሩ አይንቀሳቀስም፤ ግማሽ ቡሎን ከሥሩ ተደብቆ ስትሳደቡ ትውላላችሁ። እኔ ውዬበታለሁ።

ባትሪው ተመልሶ ሲታሰር ደግሞ አንዳንድ መኪና የወንበሩን ልክ ይረሳል። ይህ አዲስ ብልሽት አይደለም። በተራው ስዊች ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ውሰዱት፣ ጫፍ ላይ ጥቂት ያዙት። ከዚያ ቁጥሮቹን እንደገና መዝግቡ። አሠራሩ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ እዚህም መመሪያው መጽሐፍ ነው ዳኛው።

የደብረ ማርቆሱ መኪና? ወንበሩን ወደ ፊት አድርጌ በመስታወት ከሥር አየሁ። የሴንሰሩ ቀጭን ገመድ ሐዲዱ ላይ ሲፋተግ ኖሮ ተበጥሷል። ባለቤቱ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ዓባይ በረሃን ወርዶ ይወጣል፤ ያ ሁሉ ነቅነቅታ ለገመድ ቀላል አይደለም። በሊድ በየድኩ፣ ናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ከሐዲዱ አርቄ አሰርኩት። አንድን ተጫነ፤ ወንበሩ ሄዶ ቦታው ላይ ቆመ። የስዊቹን መግጠሚያ አላስከፈልኩም። አዲሱ ስዊች እንደገና በላስቲኩ ተጠቅልሎ የመኪናው መሳቢያ ውስጥ ነው። ገዥ ካገኘሁ እንድደውልለት ብሎኛል።