አልጀብራን ከስሙ ጀምሮ መፍታት

ብዙ ሰው አልጀብራ የሚከብደው፣ ፊደላቱ ከየት እንደመጡ ሳይነገረው «ኤክስን ፈልግ» ስለሚባል ይመስለኛል። ከስሙ ብንጀምር ይቀላል፤ ምን መሥራት እንዳለባችሁ ስሙ ራሱ ይናገራልና።

ቃሉ ዓረብኛ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በኸሊፋ አል-ማሙን ጊዜ፣ ባግዳድ ይሠራ የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስለ «አል-ጀብር» እና «አል-ሙቃበላ» ስሌት መጽሐፍ ጻፈ። በ1145 እ.ኤ.አ. ወደ ላቲን ተተረጎመ። ውሎ አድሮ ሙቃበላ ተረሳና አልጀብራ ብቻውን ቀረ። ጀብር የተሰበረን መጠገን፣ የጎደለን መሙላት ነው። ድሮ ስፔን ውስጥ «አልኸብሪስታ» የሚባለው ወጌሻ ነበር፤ ሂሳብ ልማር ብሎ የሄደ ሰው ክንዱን ታሽቶ ይመለሳል ማለት ነው።

አሁን ይህን እኩልዮሽ እንፍታ፦

5ኤክስ − 8 = 2ኤክስ + 7

ኤክስ ያልታወቀው ነው፣ ተለዋዋጭ ይባላል። አል-ኸዋሪዝሚ «ሸይ» ማለትም «ነገር» ይለው ነበር፤ ምልክት የሚባል አልነበረውም፣ ሁሉንም በቃላት ነው የጻፈው። ኤክስን ያስለመደን ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዴካርት ነው፣ በ1637 እ.ኤ.አ.። ከኤክስ ጋር የተጣበቁት 5 እና 2 ኮኢፊሸንት ናቸው፣ ኤክስ በስንት እንደተባዛ ይናገራሉ። ብቻቸውን የቆሙት 8 እና 7 ቋሚ ቁጥሮች ናቸው። በመደመርና በመቀነስ ምልክት የተለያየው እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ተርም ነው።

መጀመሪያ ጀብር። የጎደለው የት ነው? በግራ በኩል 8 ተቀንሷል። ስለዚህ 8 እንመልስለታለን፣ ግን በሁለቱም ወገን፦

5ኤክስ = 2ኤክስ + 15

ቀጥሎ ሙቃበላ፣ ማለትም ማስተያየት። በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ነገር ካለ እኩል እኩል ይነሳል። ከግራም ከቀኝም 2ኤክስ ስናነሳ፦

3ኤክስ = 15

እዚህ ጋ 3ን የሚቀንስ አይጠፋም። 3ኤክስ ማለት 3 ሲባዛ በኤክስ ስለሆነ ማካፈል ነው ያለባችሁ፣ ኤክስ = 5። ማጣራቱንም አትዝለሉ፦ 25 − 8 = 17፣ 10 + 7 = 17። ገጠመ።

«ቁጥሩን ወደ ማዶ ስታሻግር ምልክቱን ቀይር» የሚለውን ሕግ እኔ ብዙም አልወደውም። ፈጣን ነው፣ አዎ፣ ግን በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሥራ እንደተሠራ ይደብቃል፤ እኩልዮሹ ትንሽ ሲወሳሰብ የተሸመደደው ሕግ ጉድ ይሠራችኋል።

ይህን ደግሞ ራሳችሁ ሞክሩት፦ 7ኤክስ − 4 = 3ኤክስ + 20። መልሱ 6 ነው። 5 ከመጣላችሁ 4ን የደመራችሁት በግራ በኩል ብቻ ነው።