የቤታ ዓሣ ችግርና መፍትሔ፦ ከመድኃኒት በፊት ቴርሞሜትር

ቤታ ሲደክም ወይም ምግብ ሲያቆም ብዙ ሰው መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። የእኔ ቅደም ተከተል ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ ምግብ። መድኃኒት የሚመጣው ሦስቱ ከታዩ በኋላ ነው።

ከታች ተኝቶ ይውላል፣ ቀለሙ ፈዝዟል፣ ምግብ አይቀምስም

አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብርዱን ነው። ቤታ የታይላንድ ሞቃት ረግረግና የሩዝ ማሳ ዓሣ ነው፤ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን ሳሎን ያለ ገንዳ ከ20 ዲግሪ በታች ቢወርድ አይገርምም። ዓሣው የራሱን ሙቀት ስለማያመነጭ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ እንቅስቃሴው፣ የምግብ መፈጨቱና በሽታ የመከላከል አቅሙ አብረው ይወርዳሉ።

ቴርሞሜትሩን ጠዋት በማለዳ እዩት፤ ከሰዓት በኋላ የሚታየው ቁጥር ያታልላል። መፍትሔው ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ትንሽ ሂተር ነው። ለ20 ሊትር ገንዳ 25 ዋት ይበቃል፤ ቤቱ በጣም ከቀዘቀዘ 50 ዋት ይሻላል። ውሃውን ቀስ በቀስ አሙቁት፤ የፈላ ውሃ መጨመር ዓሣውን ይጎዳዋል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን ዙሪያውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ከላይ ግን አየር የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ድሬዳዋ ያላችሁ ይህን ክፍል ዝለሉት።

ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል

አልፎ አልፎ ከሆነ ጤነኛ ነው። ቤታ ከስንጥቡ ሌላ ከውሃው በላይ ያለውን አየር የሚተነፍስበት አካል አለው። አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ቢኖር ምንም አይሆንም የሚለው ወሬ የመጣው ከዚሁ ነው። አየር መጎረሱ ግን ከአሞኒያ አያድነውም።

ስንጥቡ ቀልቶ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ ውሃው ተመርዟል ማለት ነው። ከኩሱና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚቀንስ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች በቂ እስኪሆኑ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ዓሣና ገንዳ በአንድ ቀን የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚቸገረው ለዚህ ነው።

ወዲያው ከሩብ እስከ ግማሽ ያህሉን ውሃ በተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውሃ ቀይሩ፣ ምግብ ቀንሱ፣ በመመርመሪያ ለኩ፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ብቻ እጠቡት፤ የቧንቧ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል። አዲሱን ውሃ ክዳን በሌለው ባልዲ 24 ሰዓት ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ግን በማሳደር አትመኑ፤ የከተማው ውሃ በአብዛኛው የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው) ነው፣ እሱም ቢያድርም አይለቅም። ክሎራሚኑን የሚያጠፋ የውሃ ማከሚያ ጠብታ ግዙ። ገንዳው ደግሞ ቢያንስ 15 ወይም 20 ሊትር ይሁን፤ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበከላል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል።

ክንፉ ተበጣጥሷል

ቅዳዱ ድንገት የመጣና ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ የቀደደው ነገር አለ፦ የፕላስቲክ ተክል፣ ሹል ድንጋይ፣ አንዳንዴም የራሱ ጥርስ። በስስ ስቶኪንግ ጌጦቹን ዳስሱ፤ ስቶኪንጉን የያዘ ነገር ክንፉንም ይይዛል። የፊልተሩ ግፊት ከገፋውም መውጫው ላይ ስፖንጅ አድርጉ።

ጠርዙ ጠቁሮ ወይም ነጥቶ በየቀኑ እያጠረ ከሄደ ግን መበስበስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቆሸሸ ውሃ ይመጣል። ውሃውን አዘውትሮ መቀየርና ሙቀቱን ማስተካከል ብዙውን ይመልሰዋል። አዲስ የሚያድገው ክንፍ መጀመሪያ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሆኖ ይታያል፤ አትደንግጡ። መበስበሱ ወደ ሰውነቱ ከተጠጋ የባክቴሪያ መድኃኒት ጊዜው ነው።

ነጭ ነጠብጣብ ወይም ወርቃማ ትቢያ

ሁለቱም ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው። ነጩ ያለ ምርመራ ይታያል። ወርቃማውን ለማየት ክፍሉን አጨልማችሁ ባትሪ ከጎን አብሩበት። የነጩ መድኃኒት የሚገድለው ከዓሣው ወጥቶ በውሃ የሚዋኘውን ብቻ ስለሆነ፣ ነጥቡ ሲጠፋ ሕክምናው አያበቃም፤ ጥቂት ቀናት ቀጥሉ። በወርቃማው ጊዜ የገንዳውን መብራት አጥፉ፤ ተሕዋሲውን ብርሃን ይጠቅመዋል። መዳብ ያለበት መድኃኒት ከሆነ ቀንድ አውጣዎችን አስቀድማችሁ አውጡ።

ሆዱ አብጧል

ከላይ ሆናችሁ ተመልከቱት። ቅርፊቱ ከሰውነቱ ጋር ተኝቶ ከሆነ ጥጋብ ወይም ድርቀት ነው፦ አንድ ሁለት ቀን ምንም አትስጡት፣ ከዚያ በትንሹ ጀምሩ። የቤታ ሆድ የዓይኑን ያህል ናት ይባላል፤ በቀን ሁለቴ ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃዋል። ልጆች ቤት ካሉ የምግቡን ቆርቆሮ ደብቁ።

ቅርፊቱ ወደ ውጭ ቆሞ ከሆነ ግን ውስጡ ውሃ ቋጥሯል፤ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ከዚህ የሚድነው ጥቂቱ ነው። ሌላ ዓሣ ካለ ለዩት፣ ውሃውን ንጹሕና ሙቅ አድርጉለት።

ውሃው ላይ የአረፋ ክምር አለ

በሽታ አይደለም። ወንዱ ለእንቁላል ጎጆ እየሠራ ነው፤ ሴት ባትኖርም ይሠራል። ውሃ ስትቀይሩ ቢፈርስ መልሶ ይሠራዋል።