ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ማይክሮፍሉዲክ ቺፕ ስትሠሩ ከነዚህ ስህተቶች ራቁ

ማይክሮፍሉዲክ ቺፕ፣ ማለትም በቺፕ ላይ ላብራቶሪ መሥራት ሲባል ያስፈራል። ሥራው ግን በፀጉር ውፍረት ልክ ባለ ቦይ ውስጥ አንዲት ጠብታ አሳልፎ መመርመር ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም፤ የውጭ መመሪያን እንዳለ መገልበጥም ነው።

አንደኛው የቫኪዩም ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው ነው። ቺፑ የሚሠራበትን ፒዲኤምኤስ የሚባል ሲሊኮን ከማጠንከሪያው ጋር በክብደት 10 ለ 1 ስታማስሉት አረፋ ይሞላዋል። አረፋው እንዲወጣ ቫኪዩም ውስጥ ይቀመጣል። መመሪያው «ጌጁ ከዜሮ በታች 0.9 ባር ይድረስ» ካለ፣ ደሴ ላይ መቼም አይደርስም። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ራሱ 0.75 ባር አካባቢ ነው፤ ጌጁ ከዚያ በላይ ሊወርድ አይችልም። ኮምቦልቻም ብትሆን 0.8 ቢሆን ነው። ስለዚህ ፓምፑ ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት። ቁጥሩን ተዉትና አረፋውን እዩ። መጀመሪያ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ከዚያ ይሟሽሻል፣ በመጨረሻ ጥርት ይላል። ዕቃውን እስከ አፉ ከሞላችሁት ግን ጉድ ነው፤ ገንፍሎ ሁሉንም ያጨማልቃል።

ሌላው አረፋ ቦዩ ውስጥ የሚፈጠረው ነው። ጦሳ ተራራ ሥር በጠዋት ብርድ የተቀዳ ውሃ ብዙ አየር ይዟል። 37 ዲግሪ የሞቀ ቺፕ ውስጥ ስትለቁት አየሩ ይወጣና መንገዱን ይዘጋል። ውሃውን ቀድማችሁ ከቺፑ ሙቀት በላይ አሙቁት። ፕሮቲን የሚጨመርበት ከሆነ ከመጨመሩ በፊት ይሁን።

የላቴክስ ጓንትስ? አደራ፣ አይሆንም። ሰልፈሩ ሲሊኮኑን የሚያጠነክረውን ፕላቲነም ይመርዘዋል። ኦቨን ውስጥ ቢያድርም የነካችሁት ቦታ እየተጣበቀ ይቀራል። ቪኒል ይሻላል።

ንድፍ ላይ ደግሞ ጥልቀትን መናቅ አለ። በሰፊና ጥልቀት በሌለው ቦይ ላይ ወርዱን ሳትነኩ ጥልቀቱን በግማሽ ብትቀንሱት፣ በደቂቃ ያንኑ መጠን ፈሳሽ ለማሳለፍ 8 እጥፍ ያህል ግፊት ትፈልጋላችሁ። ወርዱ 1,000፣ ጥልቀቱ 20 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ከሆነማ ጣሪያው ወርዶ ወለሉ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። መሃል መሃሉ ላይ ምሰሶ ትከሉ።

ሁለት ፈሳሾች ስለተገናኙ ብቻ ይደባለቃሉ ማለትም የዋህነት ነው። እዚያ ውስጥ ግርግር የለም፤ ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ትንሽ ሞለኪውል እንኳ 100 ማይክሮን ለመሻገር ሰከንዶች ይፈጅበታል፣ ፕሮቲን ከዚያም ይቆያል። ቦዩን አስረዝሙና አጠማዝዙት፣ ወይም ወለሉ ላይ ሰያፍ ጭረት ቅረጹበት።

ብናኝ የታወቀ ነው። ቺፑን እስክታጣብቁት ድረስ በስኮች ሸፍኑት። ቀዳዳ ስትበሱ የሚቀረውን ፍርፋሪም አውጡ።

መብራት ሲሄድ ፈሳሹን የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል። ፈሳሹን ከፍ አድርጋችሁ ብትሰቅሉት 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ 1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ግፊት ይሰጣል፤ ለብዙ ቦይ ይበቃል።

ለነገሩ ሁሉም ቺፕ ሲሊኮን መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2007 የሃርቫርዱ የጆርጅ ዋይትሳይድስ ቡድን ስኳርና ፕሮቲን የሚለይ መመርመሪያ በወረቀት ሠርቶ አሳይቷል። ወረቀት ፈሳሹን ራሱ ይስበዋል፣ ውጤቱም በቀለም ይታያል። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ግን ጠብታው ጫፍ ሳይደርስ እንዳይተን ከላይና ከታች በፕላስተር ሸፍኑት፤ ማስገቢያዋን ብቻ ክፍት ተዉ።