የሴት ልጆች የትምህርት ቤት ጫማ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

መስከረም ላይ የተገዛ ጫማ ጥቅምት ሳያልቅ አፉን ሲከፍት የምንረግመው ሻጩን ነው። አለዚያም ልጅቷን። «ይቺ ልጅ ጫማ አይበረክትላትም» እንላለን። እስቲ መጀመሪያ ጫማው ለምን ተብሎ እንደተሠራ እንይ።

መርካቶም ሂዱ፣ ሜክሲኮም ሂዱ፣ የልጆች ጫማ መደርደሪያ ለሁለት የተከፈለ ነው። በወንዶቹ በኩል ወፍራም ሶል፣ ማሰሪያ፣ ጠንከር ያለ አፍንጫ ታያላችሁ። በሴቶቹ በኩል ስስ ሶል፣ ሪባን፣ የሚያብለጨልጭ ጌጥ። ያኛው እንዲሮጡበት፣ ይሄኛው ፎቶ እንዲነሱበት የተሠራ ይመስላል። ሴቶቹ ግን በእረፍት ሰዓት ሱዚ ይዘላሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ፣ አባሮሽ ይሮጣሉ። ስለዚህ ከታች ካሉት ችግሮች የብዙዎቹ መፍትሄ ከወንዶቹ መደርደሪያ ጌጥ የሌለው ጥቁር ጫማ ማንሳት ነው። ሻጩ «እሱ እኮ የወንድ ነው» ይላችኋል። ይበል።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ግን ሮጣችሁ ሌላ አትግዙ። አንዳንዱ በጫማ ሰፊ ይድናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ የጫማው ጥፋት አይደለም።

ተረከዟን ላጣት

ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፣ መፍትሄያቸውም ለየቅል ነው። ጫማውን አስራችሁላት ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል። እናንተ ከኋላዋ ቁጢጥ ብላችሁ ተረከዟን ብቻ እዩ። በተራመደች ቁጥር ተረከዟ ከጫማው ብድግ ካለ ጫማው ሰፍቷታል። ተረከዟ ካልተነሳና የተላጠው ቦታ ከጫማው ጠርዝ ጋር ልክ ለልክ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ደረቅ ነው።

ለደረቅ ጠርዝ ብዙ አትጨነቁ። በእጃችሁ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ እያጠፋችሁ አሹት። ወፈር ያለ የጥጥ ካልሲ አድርጉላት። ጳጉሜ ላይ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ያህል ቤት ውስጥ ታድርገው፤ ያውም ትምህርት ቤት በምታደርገው ካልሲ። አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ማድረግ ትርፉ ውሃ መቋጠር ነው። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ በፕላስተር ሸፍኑትና እስኪድን ክፍት ጫማ ታድርግ።

ከሰፋት ነገሩ ሌላ ነው።

ትሰናከላለች፣ ስትሮጥ ጫማው ይወልቃል

ይሄ «ታድግበታለች» ተብሎ የተገዛ ጫማ ነው። የማይገባ ነገር አይደለም። ኑሮው እንዲህ ተወዶ በየዓመቱ ሁለት ጫማ ማን ይችላል? ግን ስሌቱን እንየው። ትምህርት በጀመሩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የልጅ እግር በዓመት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በጫማ ቁጥር አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚበልጠው በ7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ እግሯ በዓመት አንድ ቁጥር ተኩል ያህል ያድጋል ማለት ነው። መስከረም ላይ ከጣቶቿ ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ካለ እስከ ሰኔ ያደርሳታል። ከዚያ በላይ የጨመራችሁት ሁሉ መሰናከያ ነው። በዚያ ላይ እግሯ ውስጡ ስለሚንሸራተት ጫማው መታጠፍ ከሌለበት ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ እዚያው ላይም ይሰነጠቃል። እስክታድግበት ድረስ አልቋል።

ልኩን ለማግኘት ማታ፣ ከጨዋታ በኋላ ለኩ። እግር ቀን ሲውል በትንሹ ያብጣል። ወረቀት ወለል ላይ ዘርጉ፣ ተረከዟን ከግድግዳ አስጠግታ ቀጥ ብላ ትቁም፣ ከረጅሙ ጣቷ ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም። ሁለቱንም እግሯን ለኩ፤ የሚበልጠውን ውሰዱ።

ከዚያ በሴንቲ ሜትር ያገኛችሁት ላይ 1.5 ደምሩ፣ ድምሩን በ1.5 አባዙ። እግሯ 19 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 20.5 ይሆናል፤ በ1.5 ሲባዛ 30.75። ቁጥሯ 31 ነው። የምታድግበት ቦታ እዚህ ውስጥ ተካቷል፣ ሌላ አትጨምሩ።

ችግሩ ጫማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ አይታመንም። ሁለት ፋብሪካ የሠራቸውን ሁለት 31 ቁጥር ጫማዎች ሶላቸውን ብታገጣጥሙ አንዱ ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ የካርቶን መለኪያ ነው። ከካርቶን ላይ ጣት በሚያህል ስፋት ቁረጡ፤ ርዝመቱ የእግሯ ልክ ሲደመር 1.2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሱቅ ስትሄዱ ጫማው ውስጥ ክተቱት። ሳይታጠፍ ከገባና ብዙም ካልተንሸራተተ ልክ ነው። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ልጅ ይዞ መርካቶ መግባት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የዚህች ቁራጭ ካርቶን ጥቅም ይገባዋል። ስፋቱን ግን ካርቶን አይነግራችሁም፤ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ካልሆናት እቀይራለሁ» ብላችሁ ተስማሙ፣ ጫማውንም ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ብቻ አስሞክሯት። ሶሉ ከቆሸሸ የሚቀይርላችሁ የለም።

ከተገዛ በኋላ ሰፍቶ የተገኘውስ? በአንድ ቁጥር ያህል ከሆነ ተጨማሪ የውስጥ ሶል አድርጉበት፣ ማሰሪያውንም ጠበቅ አድርጉ። ከፊት ጥጥ መወተፍ አይረዳም። ጣቶቿን ያጨናንቃል እንጂ ተረከዟን አይዝም። በሁለትና በሦስት ቁጥር ከበለጣት ለሚቀጥለው ዓመት አስቀምጡት። ማሰሪያ የሌለው ከሆነ ደግሞ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ከላይ ላስቲክ ወይም ዘለበት ያለው ቀበቶ አስተክሉለት። ትንሽ ሥራ ናት፤ ውጤቷ ግን ትልቅ ነው።

«አያመኝም» ትላለች፣ ጣቶቿ ግን ቀልተዋል

ልጆች ጫማ ሲጠባቸው ሁልጊዜ አይናገሩም። በተለይ ጫማውን ከወደደችው። ማታ ካልሲዋን ስታወልቁ ጣቶቿን እዩ። የአውራ ጣቷ ጎን ወይም የትንሿ ጣት ጀርባ ከቀላ፣ ጥፍሯ ጥግ ላይ ካበጠ፣ ካልሲው አውራ ጣቷ ጋ ቶሎ ቶሎ ከተበሳ ጫማው አጥሯል ወይም ጠቧል።

ከላይ በአውራ ጣት ተጭኖ «ጣትሽ የታለ?» ማለት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ልጅ ስትነካ ጣቷን ትሰበስባለች። የውስጥ ሶሉ የሚወጣ ከሆነ አውጡትና ላዩ ላይ ትቁምበት። እግሯ ከሶሉ ጎን ከተረፈ ጠቧል። ከጣቷ ፊት የቀረው ቦታ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካነሰ አጥሯል። ጥር ላይ፣ በትምህርት ዓመቱ መሃል፣ አንዴ እንዲህ እዩላት።

ላጠረ ወይም ለጠበበ ጫማ ከመቀየር ሌላ ብዙም መፍትሄ የለም። እውነተኛ ቆዳ ከሆነ ጫማ ሰፊ በቅርጽ ወጥሮ በጎን ትንሽ ሊያሰፋው ይችላል፤ ርዝመት ግን አይጨምርም። ሾጣጣ አፍንጫ ያለውን ከመጀመሪያውም አትግዙ።

አፉን ከፈተ

ብዙዎቹ ርካሽ ጫማዎች በማስቲሽ ብቻ የተጣበቁ ናቸው። ሱቅ ውስጥ ጫማውን አንሱና አፍንጫው ጋ ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበትን መስመር በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ፈልቀቅ ለማድረግ ሞክሩ። ጥፍር ካስገባ ውሃም ያስገባል። ከዚያ እጠፉት። ደህና ጫማ የሚታጠፈው ጣቶቿ በሚታጠፉበት በኩል፣ ከፊቱ አንድ ሦስተኛው አካባቢ ነው። መሃሉ ላይ ለሁለት የሚታጠፍ ከሆነ መልሱት። እንደ ፎጣ የሚጠመዘዝ ከሆነም መልሱት። ከኋላ ተረከዝ የሚይዘው ክፍል ሲጫኑት ካልተኛ ጥሩ ምልክት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አዲሱን ጫማ ገና ሳታደርገው ዙሪያውን ማሰፋት ነው። ሰው ተከፍቶ ሲመጣ ነው ጫማ ሰፊ የሚፈልገው። ያኔ ውስጡ አቧራና ጭቃ ገብቶበታል፣ ማስቲሹም በደንብ አይይዝም። አዲስ እያለ ሲሰፋ ሰውዬው ወስፌውን ሶሉ ጠርዝ ላይ ባለችው ቦይ ውስጥ እየወጋ፣ ወፍራሙን ክር ስቦ እያጠበቀ ዙሪያውን ይመጣል፤ ክሩ ቦይዋ ውስጥ ስለሚቀበር አስፋልት አይበላውም። አፍንጫው ላይ ስፌቱን ቀረብ ቀረብ እንዲያደርገው ንገሩት፤ ሰኞ ማክሰኞ የምትጨርሰው እሷን ቦታ ነው። ሶሉ በጣም ስስ ከሆነ ግን ወስፌው ራሱ ይቀደዋልና አያስፈልግም ካላችሁ እመኑት።

በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የለመድነው የፒያሳ ገጽታ ተቀይሯል። በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ጫማ ሰፊ ካጣችሁ ከዋናው መንገድ ገባ ብላችሁ ጠይቁ። ሊስትሮዎቹ ማን ጋ እንደምትሄዱ ይነግሯችኋል፤ አንዳንዶቹ ራሳቸውም ይሰፋሉ።

የተከፈተ ጫማ ቤት ውስጥ በሱፐር ግሉ አታጣብቁ። ሲደርቅ ድርቅ ስለሚል ጫማው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ሲዘንብ ያንሸራትታታል

ሶሉ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። በጥፍር ሲጫኑት እሺ የማይል፣ ጠረጴዛ ሲነካ ቀጭ የሚል። ክረምት ላይ ሴራሚክና ለስላሳ ንጣፍ ላይ አደጋ ነው። ሶሉን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፣ ለጊዜው ይይዛል። ዘላቂው ጫማ ሰፊ ጋ ስስ ጎማ ማስለጠፍ ነው። ተረከዙ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ደግሞ ለበዓል ተዉት።

ረጥቦ ይመጣል፣ ይሸታል

መስከረም ውስጥም ዝናቡ አይለቅም። የረጠበ ጫማ ከሰል ምድጃ ዳር ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ማስቲሹ ይለቃል። አፋቸውን ከከፈቱት ጫማዎች ብዙዎቹ ለዚህ የበቁት እንዲህ ነው። የውስጥ ሶሉን አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ሲረጥብ ጋዜጣውን ቀይሩ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ አሳድሩት። ሽታው የሚብሰው ሰው ሠራሽ ቆዳና ናይለን ካልሲ ሲገናኙ ነው፤ ካልሲውን ወደ ጥጥ መቀየር ግማሹን ያቀለዋል።

ላዩ ተላጠ

ሌዘር ነው ተብሎ የተሸጠላችሁ ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ነበር። ቀለም አይመልሰውም። በሚቀጥለው ስትገዙ የተቆረጠ ጠርዝ ፈልጉና እዩ፤ እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ ጭረት ጭረት ያለው ሥጋ መሳይ ነው፣ ሰው ሠራሹ የጨርቅ ክር ያሳያል። ገንዘቡ ካላችሁ እንደ አንበሳና ጥቁር አባይ ያሉ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች የልጆች ቆዳ ጫማ ካላቸው እሱን ቅድሚያ ስጡት። ካልሆነም አይክፋችሁ። በደንብ የተሰፋ ሰው ሠራሽ፣ ስፌት ከሌለው ቆዳ ይሻላል።

ማሰሪያዋ ተፈትቶ ትውላለች

ገና ማሰር አትችልም። አንዲት መምህርት ደግሞ የክፍሉን ልጅ ሁሉ ክር ስታስር አትውልም። ማሰር እስክትለምድ ጨርር ብሎ የሚከፈተውን ተለጣፊ ግዙ። ሲቆይ አቧራና የካልሲ ክር ስለሚሞላው አልይዝ ይላል፤ በመርፌ ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት፣ ይመለሳል።

«የወንድ ጫማ አላደርግም!»

ይሄኛው የጫማ ሰፊ ሥራ አይደለም። ሱቅ ውስጥ «የወንድ» የሚለውን ቃል እናንተም አታንሱ፣ ሻጩም እንዳያነሳ ቀድማችሁ ንገሩት። እናንተ ልኩንና ሶሉን ያያችኋቸውን ሁለት ጫማዎች አቅርቡላትና ከሁለቱ እሷ ትምረጥ። ከመግዛታችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ደንብም ጠይቁ፤ ጥቁር ብቻ የሚሉ አሉ፣ ጥቁር ይሁን እንጂ ስኒከርም የሚፈቅዱ አሉ። ደንቡ ካልከለከለ ሮዝ ክር ወይም አበባ ያለበት ካልሲ ግዙላት። ሪባን ያለው ጫማ ላይ ካለቀሰች ደግሞ፣ አቅም ካለ፣ ለገና ይገዛላታል።