በውኃ በተሞላ ዋሻ ውስጥ ከአጋር ጋር በምልክት እንዴት መግባባት ይቻላል

በሜክሲኮ ዩካታን ባሕረ ገብ መሬት፣ በቱሉም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ሳክ አክቱን የተባለው በውኃ የተሞላ ዋሻ ከጎረቤቱ ከዶስ ኦሆስ ጋር መገናኘቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታወቅ ርዝመቱ 347 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ ከጠላቂው በላይ ያለው ድንጋይ ስለሆነ፣ ችግር ቢፈጠር መውጫው በመጡበት መንገድ መመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ የዋሻ ጠለቃ ሥልጠና ለወሰደ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይደለም።

መጀመሪያ በየብስ ላይ ሳላችሁ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያሳያችሁ ተስማሙ። አንዳንዱ ምልክት እንደ አሠልጣኙ ስለሚለያይ ይህን መዝለል አይገባም።

ቀጥሎ ሦስቱን የትእዛዝ ምልክቶች አጥኑ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተገናኝተው የሚሠሩት ቀለበት «ደህና ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ «ደህና ነኝ» ብሎም ይመልሳል፤ የተጨበጠ እጅ «ቁም» ማለት ነው። ወደ ላይ የተቀሰረው አውራ ጣት በእኛ ዘንድ «ጎበዝ» ቢሆንም፣ እዚያ ግን «ጉዞው አብቅቷል፣ እንውጣ» ማለት ነው። ይህን ምልክት ማንኛውም ጠላቂ፣ በማንኛውም ምክንያት ሊያሳይ ይችላል፤ ክርክር የለበትም። ሦስቱም የሚመለሱት ያንኑ ምልክት በመድገም ነው፤ አጋርህ እስኪደግመው ድረስ መልእክቱ እንደደረሰ አትቁጠር።

ምልክት ስትሰጥ ባትሪውን በአጋርህ ዓይን ላይ ሳይሆን በራስህ እጅ ላይ አብራ፤ ጣቶችህ በጥቁሩ ውኃ ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ያን ጊዜ ነው። አጋርህ ከፊትህ ሆኖ ጀርባውን ከሰጠህ፣ እርሱ በሚያየው ግድግዳ ላይ ብርሃኑን ቀስ አድርገህ በክብ ብታዞር «ደህና ነህ?» ማለትህ ነው፤ ቀስ ብለህ ግራና ቀኝ ብታወዛውዘው «ወደ እኔ ተመልከት» ነው፤ በፍጥነት ብታወዛውዘው አደጋ አለ ማለት ስለሆነ፣ ይህን ያለ ምክንያት ፈጽሞ አታድርግ።

ደለል ተነሥቶ ምንም የማይታይ ሲሆን የሚቀረው መዳሰስ ነው። ወደ መውጫው የሚመራውን የተዘረጋ ገመድ በአንድ እጅህ ጣቶች ከበህ ሳትለቅ፣ በሌላው የፊተኛውን ጠላቂ ክንድ ወይም እግር ያዝ፦ ወደ ፊት መግፋት «ሂድ»፣ ጨምቆ መያዝ «ቁም»፣ ወደ ኋላ መሳብ «ተመለስ» ነው። ይህንንም አስቀድማችሁ በየብስ ላይ በዛፎች መካከል ገመድ ዘርግታችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ሳትነጋገሩ ከዳር እስከ ዳር እስክትደርሱ ደጋግማችሁ ተለማመዱት።