ፍርሃትንና ድፍረትን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሦች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው ጣርማበር ላይ ሲደርስ፣ ጣልያን ያስቆፈረው ዋሻ በጉም ተሸፍኖ ከፊት ያለው መኪና የማይታይበት ጊዜ አለ። እንግሊዝኛ የማስተምራቸውን ተማሪዎች ስለዚህ ጉዞ እንዲጽፉ ደጋግሜ አዝዣለሁ፤ መንገዱን የማያውቅ ስለሌለ የተሳፋሪውን ጭንቀትም የሾፌሩን ድፍረትም ሁሉም በዓይኑ አይቶታል። በአማርኛ ሲተርኩት ልብ ይሰቅላል፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፉት ግን ተውሳከ ግሡ ላይ፣ ማለትም ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ በሚናገረው ቃል ላይ፣ ይሰናከላሉ።

የመጀመሪያው ስህተት የሚመነጨው ከቋንቋችን ጠባይ ነው። አማርኛ የተውሳከ ግሥ ድሃ ቢሆንም ስሜትን በቦዝ አንቀጽ፣ እንደ «ተጨንቆ» እና «ደፍሮ» ባለ የግሥ መልክ፣ አሳምሮ ይገልጻል፤ «ሾፌሩ ተጨንቆ መሪውን ያዘ» ስንል ጭንቀቱና መያዙ አንድ ድርጊት ናቸው። ተማሪው ይህን ቃል በቃል አዙሮ «ዘ ድራይቨር ወሪድ ኤንድ ሄልድ ዘ ዊል» ሲል ግን ሾፌሩ በመጀመሪያ ተጨነቀ፣ ቀጥሎ መሪ ያዘ የሚሉ ሁለት ድርጊቶች ይወጣሉ። ቦዝ አንቀጹ የድርጊቱን ሁኔታ የሚናገር ከሆነ በእንግሊዝኛ ቦታውን የሚወስደው ተውሳከ ግሥ ነው፦ «ዘ ድራይቨር ሄልድ ዘ ዊል ነርቨስሊ»።

ሁለተኛው የቦታ ስህተት ነው። «ሺ አንሰርድ ብሬቭሊ ዘ ክዌስችን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግሡን ከተሳቢው ስለለየው ትክክል አይደለም፤ «ብሬቭሊ» ወይ ከተሳቢው በኋላ፣ ወይ ከግሡ በፊት መግባት አለበት። ሁለቱ ቦታዎች የሚሰጡት ትርጉም ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። መጨረሻ ላይ ሲሆን የአመላለሷን ሁኔታ ይገልጻል፤ ከግሡ በፊት ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ መመለሷ ራሱ የጀግና ሥራ መሆኑን የጸሐፊው ፍርድ አድርጎ ያቀርባል።

ሦስተኛው በጎበዞቹም ወረቀት ላይ የማየው ነው። «ፊል»፣ «ሲም» እና «ሉክ» የመሳሰሉት ግሦች ባለቤቱ ምን እንደሆነ ወይም ምን እንደሚመስል ሲናገሩ ቅጽል እንጂ ተውሳከ ግሥ አይከተላቸውም፤ ስለዚህ «አይ ፌልት ነርቨስሊ» ሳይሆን «አይ ፌልት ነርቨስ» ይባላል። «ሉክ» ግን ሁለት መልክ አለው። «ዘ ዉማን ሉክድ ነርቨስ» ማለት ሴትዮዋ የተጨነቀች ትመስል ነበር ማለት ነው፤ «ዘ ዉማን ሉክድ ነርቨስሊ አት ዘ ክሊፍ» ማለት ደግሞ ገደሉን በጭንቀት ተመለከተች ማለት ነው። ለተማሪዎቼ የምሰጠው መፈተኛ ቀላል ነው፤ በግሡ ቦታ «ዎዝ» ተተክቶ ዐረፍተ ነገሩ ካልፈረሰ የሚያስፈልገው ቅጽል ነው።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ድፍረት» የሚለው ቃላችን ነው። በእኛ ዘንድ ደፋር ምስጋናም ስድብም ሊሆን ይችላል። «እውነቱን ደፍሮ ተናገረ» ሲባል ሰውየው ይከበራል፤ «አባቱን ደፈረ» ሲባል ግን ያዋረደው ልጅ ይወቀሳል። ተማሪው ይህን ሁለተኛውን ነውር ለመግለጽ አስቦ «ሂ አንሰርድ ሂዝ ፋዘር ቦልድሊ» ብሎ ከጻፈ፣ አንባቢው ልጁን በራሱ የሚተማመን ጎልማሳ አድርጎ ሊያየውና ሊያደንቀው ይችላል። ለወቀሳው «ሩድሊ» ይሻላል። ሾፌሩ ለሕይወት ሳይሳሳ በጉም ውስጥ ቀድሞ ለማለፍ ከሞከረ «ሬክለስሊ» እንጂ «ብሬቭሊ» አይባልለትም፤ በ«ብሬቭሊ» ውስጥ አደጋውን ወይም ሕመሙን የመቋቋም ክብር አለና። «ፊርለስሊ» ከዚህም ይለያል፤ ፍርሃት የሚባል ነገር አልነበረም ስለሚል፣ እየፈራ ወደ ፊት ለሄደ ሰው አይስማማም።

በ«ሃርድሊ» የሚመጣው ስህተት ታሪክ እስከ መገልበጥ ይደርሳል። በራስ አበበ አረጋይ የተመሩት የሸዋ አርበኞች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የጣልያን ወረራ ዘመን አጥብቀው መዋጋታቸውን ለመናገር ፈልጎ «ዘ ፔትሪየትስ ሃርድሊ ፎት» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ አልተዋጉም ለማለት ምንም አልቀራቸውም ብሏል። ትክክለኛው «ዘ ፔትሪየትስ ፎት ሃርድ» ነው፤ ይህ ቃል ተውሳከ ግሥ ሲሆንም «ሊ» አይጨመርበትም።

በተቃራኒው «ካወርድሊ» (የፈሪ፣ ፈሪ የሆነ) በ«ሊ» ቢያልቅም በዛሬው እንግሊዝኛ በተለምዶ ቅጽል ነው። ስለዚህ «ሂ ራን አወይ ካወርድሊ» ከማለት «ሂ ራን አወይ ላይክ ኤ ካወርድ» ማለት ይቀናል።

«ነርቨስሊ» እና «አንክሸስሊ» ደግሞ እንደ አንድ ቃል ይታያሉ። የመጀመሪያው በአካል የሚታየውን መረበሽ፣ ጣት ማፍተልተሉንና የድምፅ መንቀጥቀጡን ይይዛል፤ ሁለተኛው ወደፊት ስለሚሆነው የመስጋት ነገር ነው። ልጇ እስኪደውልላት ስልኩን የምትጠብቅ እናት የምትጠብቀው «አንክሸስሊ» ነው።

የመጨረሻው ማብዛት ነው። አንዲት ተማሪ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሾፌሩን «ነርቨስሊ»፣ «ቴንስሊ» እና «አንክሸስሊ» እንዲነዳ አድርጋ ጽፋ ነበር። ጉሙ ውስጥ ሲገባ ምን እንዳደረገ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና «ሬዲዮኑን ዘጋ፤ ረዳቱም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መንገዱን ይነግረው ጀመር» አለችኝ። ሦስቱንም ሰርዛ ይህንኑ ጻፈችው።